ለሮዜሺያ የቱ ይቅደም? ቅባት፣ ምግብ ወይስ የሆድ ሕክምና (ጅማ ላሉ አንባቢዎች)

ፊቱ በየጊዜው የሚግልና የሚቀላ ሰው ጅማ ውስጥ ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ጥሩ ክሬም ግዛ» ይለዋል። ሌላው «ቡናና በርበሬ ተው» ይላል። ሦስተኛው ቲክቶክ ላይ ያየውን ይዞ «ችግሩ ከአንጀት ነው፣ ሆድህን አጽዳ» ይላል። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ግን የማስረጃቸው ጥንካሬ እኩል አይደለም፣ ወጪያቸውም እንደዚያው። ገንዘብም ትዕግሥትም ስለሚያልቅ የቱ እንደሚቀድም ማወቅ ያስፈልጋል።

የኔን አቋም ከመነሻው ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፊታችሁን ከሚጎዳው ነገር አሳርፉት። ቀጥሎ ከፀሐይና ከእሳት ጠብቁት። ከዚያ ሐኪም ያዘዘው የሚቀባ መድኃኒት ይመጣል። ምግብ ከነዚህ በኋላ ነው፣ እሱም በጅምላ ክልከላ ሳይሆን በሙከራ። የሆድ ሕክምና ደግሞ ሆዱን ለሚያመው ሰው ነው። ምክንያቴን አንድ በአንድ እናገራለሁ።

ሮዜሺያ ነው ወይስ ሌላ?

ሮዜሺያ ሥር የሰደደ የፊት ቆዳ መቆጣት ነው። ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ አገጭንና ግንባርን ይይዛል። ብዙ ጊዜ ከ30 ዓመት በኋላ ይጀምራል። አይጋባም፣ ከቆሻሻም አይመጣም። ፊት በድንገት ይግላል፣ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይበርዳል። እየቆየ መቅላቱ አልለቅ ይላል። ትንንሽ እብጠቶችና መግል የያዙ ሽፍታዎች ይወጣሉ።

የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ሰው ፊት ናቸው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ ወይም ቡናማ መልክ ይይዛል። ስለዚህ የኛ ሰው ቶሎ አይታወቅለትም። ከቀለሙ ይልቅ ስሜቱን አዳምጡ። ፊታችሁ ይሞቃል ወይ? ውሃ ሲነካው እንኳ ይለበልባል ወይ? ሁልጊዜ ትጠቀሙበት የነበረው ቅባት አሁን ያቃጥላል ወይ? እነዚህ ከመስታወቱ በላይ ይናገራሉ።

ከሚመሳሰሉት ጋር እናነጻጽረው። ብጉር ጥቁርና ነጭ ነጥብ አለው፣ ሮዜሺያ የለውም። ማድያት ቀለም ብቻ ነው፣ አይግልም፣ አያቃጥልም። ፎሮፎር ቅርፊት አለው፣ ቅንድብና የአፍንጫ ጎን ይወዳል። «ምች ነው» የሚባለው ደግሞ አንዴ መጥቶ ይሄዳል፣ ሮዜሺያ ግን እየተመላለሰ ወራትንና ዓመታትን ይቆያል። ከሁሉ በላይ መለየት ያለበት ሉፐስ ነው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ። እሱም ጉንጭና አፍንጫን ይይዛል። ነገር ግን ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደውን መስመር ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይተወዋል። ከመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከትኩሳት፣ ከፀጉር መርገፍ ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ሆስፒታል ሂዱ።

ከመግዛት በፊት ማቆም

በከተማችን ሮዜሺያን ከሚያባብሱ ነገሮች ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ነው። ፊት የሚያጠራ እየተባለ የሚሸጠው ክሬም። ብዙዎቹ ውስጥ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያፍን መድኃኒት) አለ። በቀናት ውስጥ ፊት ያበራል። መቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩ ይቆማል። ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ወራት ሲያልፉ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ሽፍታው ይፈላል። ይህ ሮዜሺያን የሚመስል፣ በስቴሮይድ የመጣ ሕመም ነው። ሮዜሺያ ያለበትን ሰው ደግሞ ከነበረበት ያባብስበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በአንድ ቀን መጣል ነው። ሁለተኛው በሐኪም ክትትል መተው ነው። ክሬሙ ሲቆም ፊት ለሳምንታት ከበፊቱ ብሶ ይነሳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ክሬሙ ይሻለኝ ነበር» ብሎ ይመለሳል። መነሳቱ የክሬሙን ጥሩነት አያሳይም። ቆዳው ስቴሮይዱን ለምዶ ስለነበር ነው የሚነሳው። ረጅም ጊዜ ከተቀባችሁት ሁለተኛውን ምረጡ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ሊያስቀንሳችሁ ወይም በመሀል የሚያበርድ መድኃኒት ሊሰጣችሁ ይችላል።

ለፊት የሚሆን ዕቃ፦ ያነሰ ይሻላል

ከሳሙና ምን እንደሚሻል እንይ። የቆዳችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወደ 5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ከ9 በላይ ይሆናል። የልብስ ሳሙና ደግሞ ለፊት ጨርሶ አይሆንም። ሽታ የሌለው ለስላሳ ፈሳሽ የፊት መታጠቢያ ካገኛችሁ እሱ ይበልጣል። ካላገኛችሁ ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ብቻ መታጠብ በቂ ነው። ትኩስ ውሃ ይቅርባችሁ። ፎጣ አትሹበት፣ ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁ።

ማለስለሻን በተመለከተ ተራ ቫዝሊንና ውድ ሎሽን ብዙ ጊዜ ይወዳደራሉ። ደረቅና የሚያቃጥል ፊት ላለው ሰው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ርካሽና ጥሩ ምርጫ ነው። ማታ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። ፊቱ ወዛም ለሆነና ሽፍታ ለሚበዛበት ሰው ግን ይከብዳል። ለሱ ግሊሰሪን ያለው፣ ሽታ የሌለው ቀላል ሎሽን ይሻላል። ሲገዙ የሚታየው ስሙ ሳይሆን ከጀርባው የተጻፈው ነው። ሽቶ፣ አልኮል፣ ሜንቶል፣ ካምፎር ካለበት መልሱት። ስክራብ፣ ሬቲኖልና ፊት የሚልጥ አሲድ የተቆጣ ፊት ላይ አይሞከርም።

ሎሚም ቢሆን ከቤት ስለተገኘ ብቻ የዋህ አይደለም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ጠባሳም ይተዋል። እሬት የሚወድ ሰው ቢያንስ ከቅጠሉ የሚወጣውን ቢጫ ፈሳሽ ያስወግድ፣ እሱ ያሳክካል። ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙና ፊት ላይ ቦታ የላቸውም። እንፋሎት መታጠንም እንደዚሁ፣ ሙቀቱ ራሱ ሮዜሺያን ይቀሰቅሳል። ማንኛውንም አዲስ ነገር መጀመሪያ አንገት ላይ ለጥቂት ቀናት ሞክሩት። ካላቃጠለ ወደ ፊት ውሰዱት።

አሁን ወደ ፀሐይ። ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1,780 ሜትር ከፍ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደ 10% ይጨምራል። ሰማዩ ስለዳመነ ደግሞ አትዘናጉ። ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል፣ ጅማ ደግሞ ደመና አታጣም።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ሁለት ዓይነት ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለው ማዕድናዊው ብዙም አይለበልብም፣ ግን ጠይም ፊት ላይ አመድ ይመስላል። ሌላው በቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ነጭ አይተውም፣ ሆኖም የተቆጣ ፊትን ሊያቃጥል ይችላል። ለኛ ቆዳ መካከለኛው መንገድ ቀለም የተቀላቀለበት ማዕድናዊ ነው። ቡናማ መልኩ የሚመጣው ከብረት ኦክሳይድ ነው። እሱ አመዱን ያጠፋል፣ ጥቁር ምልክት የሚያስቀረውንም የሚታይ ብርሃን ይከላከላል። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅሙ ቁጥር 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል፣ ስለዚህ አንድ ትዩብ ቶሎ ያልቃል።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ እኔ የምመርጠው ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላ ነው። ጅማ ውስጥ ጃንጥላ የሌለው ቤት ያለ አይመስለኝም። ለዝናቡ የተገዛው ጃንጥላ በበጋም ይውጣ። የተረፈውን ብር ለመድኃኒቱ አስቀምጡ።

እሳቱም አይረሳ። እንጀራ የሚጋግር፣ ከሰል ላይ የሚያበስል፣ ቡና የሚቆላ ሰው ፊቱን በቀን ስንት ጊዜ እሳት ላይ እንደሚደፋ አስቡት። መስኮት ክፈቱ። ቁና ሙሉ እንጀራ በአንድ ቁጭታ ከመጋገር ከፋፍሉት። በመሀል ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ጨርቅ ፊት ላይ ጣል አድርጉ፣ በረዶ ግን በቀጥታ አታድርጉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ ከእንጨቱ ይመረጣል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ተራ ይግባ። ይህ ለታማሚዋ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው።

ሦስቱ የሚቀቡ መድኃኒቶች

ሜትሮኒዳዞልን ጅማ የማያውቀው የለም፣ ለአሜባና ለጃርዲያ የሚሰጠው እንክብል ነው። ለሮዜሺያ የሚሆነው 0.75% ጄል ወይም ክሬም ነው፣ በቀን 2 ጊዜ ይቀባል። ለረጅም ጊዜ የተሞከረ፣ ለስላሳ፣ ብዙ ጊዜ የማያቃጥል መድኃኒት ነው። እንክብሉን ፈጭቶ መቀባት ወይም በጄሉ ፋንታ መዋጥ ግን አይሆንም።

አዜላይክ አሲድ 15% ጄል ሆኖ ይመጣል። እሱም በቀን 2 ጊዜ ነው። መጀመሪያ ላይ ይለበልባል፣ ይህን ካልታገሣችሁ ትተዉታላችሁ። በምላሹ ሽፍታው ጥሎት የሄደውን ጥቁር ምልክት ያደበዝዛል። ለጠይም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪሞች ሲመርጡት ይታያል። ምልክቱ ከሽፍታው በላይ ለሚያስጨንቀው ሰው እኔ የምጠቁመው ይህን ነው።

ሦስተኛው አይቨርሜክቲን 1% ክሬም ነው፣ በቀን 1 ጊዜ። ዴሞዴክስ የምትባል በዓይን የማትታይ ተባይ በሁላችንም ፊት ላይ ትኖራለች፣ ሮዜሺያ ያለበት ሰው ላይ ግን ትበዛለች። ክሬሙ እሷን ይቀንሳል፣ መቆጣቱንም ያበርዳል። 962 ሰዎች የተሳተፉበት የ16 ሳምንት ጥናት ከሜትሮኒዳዞል ጋር አወዳድሮት ነበር። አይቨርሜክቲን ሽፍታውን በ83%፣ ሜትሮኒዳዞል በ73.7% ቀነሱ። ልዩነት አለ፣ ግን ሰማይና ምድር አይደለም። አይቨርሜክቲኑ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ በሜትሮኒዳዞሉ የሚታከም ሰው ብዙ የቀረበት የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለጅማ ሰው። በዞናችን ወረዳዎች ለኦንኮ በሽታ የሚታደለው እንክብልም አይቨርሜክቲን ነው። የሚሰጠው በቁመት ተለክቶ ለሌላ በሽታ ነው። ያንን አስቀርቶ ለፊት መጠቀም ትክክል አይደለም። ለከብት የሚወጋውንማ ፊት ላይ ማሰብም አያስፈልግም።

ሦስቱም የሚሠሩት በዋናነት ሽፍታው ላይ ነው። በድንገት ለሚመጣው ግለትና ለሚታዩት የደም ሥሮች ብዙም አያደርጉም። ደግሞም ይዘገያሉ። ጥሩ ለውጥ ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል፣ ገንዘቡም ተስፋውም አብሮ ይሄዳል። ስትጀምሩ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ሽፍታው ከባድ ከሆነ ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን የሚባል የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይጨምራል። ለሮዜሺያ የተዘጋጀው ቀስ እያለ የሚለቀቅ 40 ሚሊግራም ነው። እሱ በሌለበት ሐኪሞች 100 ሚሊግራሙን ለተወሰነ ጊዜ ያዛሉ። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፣ ወዲያው አይተኛበትም፣ ከወተትና ከብረት እንክብል ጋር አይወሰድም። ከቤት የተረፈ ዶክሲሳይክሊን አንስቶ መዋጥ አንጀትንም ይረብሻል፣ ባክቴሪያዎችንም ከመድኃኒቱ ጋር ያላምዳል። ሌዘር ለደም ሥሮቹ ይረዳል። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ያልሠለጠነ እጅ ጥቁር ጠባሳ ሊያስቀር ስለሚችል የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ምግብ፦ የክልከላ ዝርዝር ወይስ የራስ ሙከራ?

በስልክ የሚዞረው ዝርዝር ቡና፣ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ቸኮሌት፣ ወተት፣ ብርቱካን ሁሉንም ይከለክላል። ያንን የተከተለ ሰው የሚበላው ያጣል። አሜሪካ ውስጥ 1,066 የሮዜሺያ ታማሚዎች ምን እንደሚቀሰቅስባቸው ተጠይቀው ነበር። 81% ፀሐይ አሉ። 79% ጭንቀት፣ 75% ሙቀት አሉ። የሚያቃጥል ምግብ ያሉት 45% ናቸው። ይህ ማለት ከግማሽ በላዩ በርበሬን አልከሰሰም። እነሱን በርበሬ ማስተው ያለ ጥቅም ማስራብ ነው።

ስለዚህ ከክልከላ ይልቅ ሙከራ። ፊታችሁ የጋለበትን ቀን፣ ከዚያ በፊት የበላችሁትን፣ የጠጣችሁትን፣ ፀሐይና እሳቱን ጻፉ። የተጠረጠረውን አንድ ነገር ብቻ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ተዉ። ከዚያ መልሱት። ሲመለስ ፊቱም ከተመለሰ አወቃችሁት። ካልተመለሰ በነፃ ልቀቁት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተዋችሁ የቱ እንደሆነ አታውቁም።

ቡናን ለብቻው ላውራ፣ ምክንያቱም ጅማ ላይ ቡና መተው ማለት ከጎረቤት መነጠል ነው። በ1981 የታተመ አንድ ጥናት ሮዜሺያ ላለባቸው ሰዎች ትኩስ ቡና፣ ቀዝቃዛ ቡና፣ ትኩስ ውሃና ካፌይን ብቻውን ሰጥቶ ፊታቸውን ተከታተለ። ፊት ያቀላው ትኩሱ ቡናና ትኩሱ ውሃ ነበር። ቀዝቃዛው ቡናም ካፌይኑም አላቀሉም። ጥፋተኛው ሙቀቱ ነበር ማለት ነው። በ2018 ደግሞ 82,737 አሜሪካዊ ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ወጣ። በቀን 4 ኩባያና ከዚያ በላይ ካፌይን ያለው ቡና የሚጠጡት፣ በወር አንዴ እንኳ ከማይጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው በ23% ያነሰ ነበር። ይህ ቡና ያድናል ማለት አይደለም፣ አጥኚዎቹም ሮዜሺያ ያለበት ሰው ጠጥቶ ይሻለዋል አላሉም። ቡናን ያለ ማስረጃ የሚከስን ሰው ግን ዝም ያሰኛል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቡናውን አቀዝቅዙ። ሲኒ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል። «እትዬ፣ የኔን ቅዱና አስቀምጡልኝ፣ ትንሽ ይብረድልኝ» ብትሉ የሚቀየም የለም። የሚያስቀይመው ሳይጠጡ መነሳት ነው። ከከሰሉና ከጭሱ ራቅ ብላችሁ፣ በር በኩል ተቀመጡ። እናንተ የምታፈሉ ከሆነ የመቁላቱን ሥራ ለሌላ ስጡ፣ ቀሪውን እናንተ ያዙት። አቦሉም ቶናውም በረካውም በዚህ መንገድ ይጠጣል። ከባድ ቡና ጠጪ ሆናችሁ በድንገት ብታቆሙ ደግሞ ራስ ምታቱ ይጠብቃችኋል።

ሻይ ግን ከቡናው ይልቅ የሚጠረጠርበት ምክንያት አለው። እሱም በጣም ትኩስ ሆኖ ነው የሚጠጣው፣ በዚያ ላይ ቀረፋ አለበት። ቀረፋ ውስጥ ሲናማልዴሃይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ግለት ያስነሳል። ቡናውን ከመክሰሳችሁ በፊት ቀረፋውን ከሻዩ አውጥታችሁ ሞክሩ።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ቆጭቆጫ የሚያቃጥሉት በአንድ ንጥረ ነገር ነው፣ ካፕሳይሲን ይባላል። ሙቀት የሚያውቀውን ነርቭ ራሱን ይቀሰቅሳል፣ ስለዚህ ፊት እሳት የነካው ያህል ይግላል። ሙከራው ካሳያችሁ መጀመሪያ ጥሬውን ቀንሱ። ሚጥሚጣና ቆጭቆጫ ይቅር፣ ወጡ ይቆይ። እሱም ካስቸገረ በርበሬውን በግማሽ አድርጉ ወይም ወደ አልጫ ዙሩ። ወጡ ከእሳት እንደወረደ አትብሉት፣ ለብ ይበል። የወጡ ግለት ብቻውን የሚበቃው ሰው አለ።

መጠጥ ፊት እንደሚያቀላ ብዙ ሰው ያውቃል። ጠጅ፣ ጠላ፣ ቢራ፣ አረቄ ሁሉም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። የምትጠጡ ከሆነ ቀንሱና እዩት። እዚህ ላይ ግን አንድ በደል አለ። አፍንጫው የቀላ ሰው ሁሉ ጠጪ እየተባለ ይታማል። አልኮል በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ሮዜሺያ ይይዘዋል። ያንን ሰው በሐሜት ማቁሰል ነውር ነው፣ ጭንቀቱ ራሱ ፊቱን ያብሰዋል።

ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ የሚቅምበትን ክፍል ይመልከት። የታፈነ ቤት፣ የከሰል እሳት፣ በላዩ ትኩስ ሻይ፣ ከዚያም እንቅልፍ ማጣት ፊት ላይ በአንድ ላይ ይመጣሉ። ኒያሲን በብዛት ያለበት ቫይታሚንም ፊት እንደሚያግል እወቁ።

ሆድ፦ መቼ ነው የሚመረመረው?

የአንጀትና የፊት ግንኙነት ፈጠራ አይደለም። በ2017 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ49 ሺህ በላይ የሮዜሺያ ታማሚዎችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሯል። ታማሚዎቹ ላይ የክሮን በሽታ (ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት)፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ሲሊያክ (ስንዴ አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) እና የሚቆጣ አንጀት በዝተው ተገኙ። ነገር ግን አብሮ መገኘት መንስኤ መሆን አይደለም። በ2008 ጣልያን ጄኖቫ ውስጥ 113 ታማሚዎች ተመርምረው 52ቱ ላይ በትንሹ አንጀት ባክቴሪያ በዝቶ ተገኘ። ሪፋክሲሚን በሚባል መድኃኒት አንጀታቸው ከጸዳላቸው 28 ሰዎች 20ው ፊታቸው ጠራ። ተስፋ ሰጪ ነው። ግን ጥቂት ሰው ላይ የተሠራ ስለሆነ በሱ ላይ ብቻ ተነስቶ ሁሉም ሰው አንቲባዮቲክ ይዋጥ አይባልም።

እኛ አገር ዋናው ጥያቄ ጨጓራ ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሰው ላይ አለ። ስለዚህ ፊቱ የቀላ ሰው ተመርምሮ ቢገኝበት አይገርምም፣ ፊቱ ያልቀላውም ይገኝበታል። አንዳንዱ የጨጓራ መድኃኒት ጨርሶ «ፊቴም አብሮ ዳነ» ይላል። ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ክላሪትሮማይሲንና ሜትሮኒዳዞል በራሳቸው የሮዜሺያን መቆጣት የሚያበርዱ ናቸው። ፊቱን ያዳነው የባክቴሪያው መጥፋት ይሁን መድኃኒቱ ራሱ አይለይም። ጥቅሙ ከባክቴሪያው መጥፋት ከሆነ ይቆያል፣ ከመድኃኒቱ ከሆነ ሲያልቅ ይመለሳል።

ስለዚህ ለፊት ብላችሁ ጨጓራ አትመርመሩ። ጨጓራ ካመማችሁ፣ ከነፋችሁ፣ ቃር ካስቸገራችሁ ግን ለሆዳችሁ ብላችሁ ተመርመሩ። ከደምና ከሰገራ ምርመራ የሰገራው ይሻላል። የደሙ ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ከሰገራ ምርመራው በፊት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ለ4 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፣ አለዚያ ያለው የለም ተብሎ ይወጣል። ይህን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም አልቆም ያለ ተቅማጥ ካለ ደግሞ የፊቱ ነገር ይቆይ፣ ሆዱ ይቅደም።

ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ) እንክብል ወይስ እርጎ? ለሮዜሺያ እንክብሉ ጠንካራ ማስረጃ የለውም፣ ዋጋው ግን ጠንካራ ነው። ወተት የሚስማማው ሰው እርጎ ይጠጣ፣ ምግብ ነው፣ ሆድ ይወደዋል። ጤፍና የጥራጥሬ ወጥ፣ ጎመንና አትክልት ለአንጀት የሚያስፈልገውን አሰር ይሰጣሉ። ኮሶና «የሆድ ማጽጃ» እየተባለ የሚሸጠውን ግን እቃወማለሁ። ኮሶ የተለመደው ለኮሶ ትል ነው፣ ሲበዛም ይመርዛል። ሆድ ማስቀመጥ ፊት አያጠራም።

ወዴት እንሂድ?

ፋርማሲ ለቫዝሊን፣ ለሰንስክሪንና ለታዘዘ መድኃኒት ጥሩ ነው። ፊት አይቶ «ይህን ቀቢ» የሚል ፋርማሲ ግን ስቴሮይድ ሊሰጣችሁ ይችላል። የሚሰጣችሁን ስም አስነብቡ። ስሙ በ«ሶን» ወይም በ«ሶል» ካለቀ «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠቅላላ ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ሜትሮኒዳዞልና ዶክሲሳይክሊን ለመጀመር ይበቃል። በ3 ወር ካልተሻለ፣ ስቴሮይድ ረጅም ጊዜ ከተቀባችሁ ወይም ሉፐስ ከተጠረጠረ የቆዳ ሐኪም ያስፈልጋል። መጀመሪያ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በኩል ሪፈር ጠይቁ። ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል መሄድ እዚህ ካልተቻለ ብቻ ነው።

ዓይን ላይ ግን መጠበቅ የለም። ሮዜሺያ ዓይንንም ይይዛል። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ የሽፋሽፍቱ ሥር ይቆጣል፣ ይደርቃል፣ ያለቅሳል። ብርሃን ካስቸገረው፣ ካመመው ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትራኮማ በሚታወቅበት አገር ይህ ሕመም በቀላሉ በሌላ ይተረጎማልና የፊታችሁንም ችግር አብራችሁ ንገሩ።

ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ በየትዩቡ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስሙ የጠፋውንም ጭምር። ፊታችሁ በጋለ ቀን መስኮት አጠገብ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳዩ፣ ሐኪም ቤት ስትደርሱ በርዶ ሊሆን ይችላልና። ሜካፕና ክሬም ሳትቀቡ ግቡ። የምትዋጡትን መድኃኒት፣ እርግዝና ካለም፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ።